ጋሪ ኪልዳልና ያ የአውሮፕላን ወሬ

ሊኑክስ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ዊንዶውስ የጨመረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፡፡ ማሽኑ ሲነሳ ሊኑክስ የለም! የጠፋ ይመስላል እንጂ አልጠፋም፡፡ በቆየው አሠራር (አዳዲሶቹ ማሽኖች ሌላ መንገድ ይዘዋል) ኮምፒዩተሩ ሲበራ ባዮስ የተባለው ፕሮግራም የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ያነብና ሥራውን እዚያ ለተቀመጠው ቡት ሎደር ያስረክባል፡፡ ዊንዶውስ ሲጫን እዚያች ቦታ ላይ የራሱን ይጽፍባታል፤ የሊኑክስ ፋይሎች ግን እቦታቸው ናቸው፡፡ ከሲዲ አስነስቶ ግረብ የተባለውን ቡት ሎደር መልሶ መጫን ነው፡፡ ታዲያ ባዮስ የሚለውን ስም ያወጣው ጋሪ ኪልዳል ይባላል፡፡

ኪልዳል በ1942 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሲያትል ተወለደ፡፡ በ1972 ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያገኘ ሲሆን፣ ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ በሚገኘው የባሕር ኃይል የድኅረ ምረቃ ት/ቤት ያስተምር ነበር፡፡ በ1974 ሲፒኤም የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሠራ፡፡ ያኔ የእያንዳንዱ ፋብሪካ ማሽን የየራሱ ጠባይ ስለነበረው ሶፍትዌርን በየማሽኑ እንደ አዲስ መጻፍ ግድ ነበር፡፡ እሱ ምን አደረገ? ከማሽኑ ጋር በቀጥታ የሚነጋገረውን ክፍል ለብቻው ለየና ባዮስ አለው፡፡ ማሽን ሲቀየር ያቺን ክፍል ብቻ መቀየር ነው፤ ሌላው አይነካም፡፡ ለእኔ ትልቁ ሥራው ይሄ ነው፡፡ ከባለቤቱ ከዶሮቲ ጋር ያቋቋመው ዲጂታል ሪሰርች በዚሁ ገበያውን ያዘ፡፡

በ1980 የአይ.ቢ.ኤም. ሰዎች ለአዲሱ ፒሲ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፍለጋ ፓሲፊክ ግሮቭ ወዳለው መ/ቤቱ መጡ፡፡ ከዚህ በኋላ ያለው ብዙ ጊዜ የሚተረከው ኪልዳል ለመዝናናት አውሮፕላን ሲያበር ሀብቱ አመለጠው ተብሎ ነው፡፡ ሲያወሩት ይጣፍጣል፡፡ ግን የዚያን ቀን የበረረው ለሥራ ነው፤ ከኮምፒዩተር አምራቾች ጋር የምትደራደረውም ድሮም ዶሮቲ ነበረች፡፡ እሷን ያመነታት አይ.ቢ.ኤም. ያቀረበው የምስጢር ጥበቃ ውል ነው፡፡

ማይክሮሶፍት በበኩሉ ቲም ፓተርሰን የሲፒኤምን አሠራር ተከትሎ የሠራውን ሲስተም ገዝቶ አቀረበ፡፡ ኪልዳል ሲቆጣ አይ.ቢ.ኤም. ሲፒኤምንም ጎን ለጎን ሊሸጥ ተስማማ፡፡ ዋጋው ግን የማይክሮሶፍቱ 40 ዶላር፣ የኪልዳል 240 ዶላር ሆኖ ወጣ፡፡ ማን ይገዛዋል? ይህን የዋጋ ልዩነት ትቶ ስለ አውሮፕላኑ ብቻ የሚጽፍ ሰው ዋናውን ዜና ጥሎታል ባይ ነኝ፡፡

በ1991 ኖቬል ዲጂታል ሪሰርችን ገዛው፡፡ ኪልዳል በ1994 ጭንቅላቱ ላይ በደረሰበት ጉዳት ሞንተሬይ ውስጥ ሞተ፤ ገና 52 ዓመቱ ነበር፡፡ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ በቀድሞ መ/ቤቱ ደጃፍ ሲፒኤምን የሚያስታውስ ሰሌዳ ተተከለ፡፡