አንድ ዐይና በራሪ፤ የዋይሊ ፖስት የሕይወት ታሪክ

ሰው ከብርድና ከፀሓይ ለመዳን ልብስ እንደሚለብስ ማንም ያውቀዋል። ነገር ግን ሳናስተውለው ሁላችንም የለበስነው ሌላ ልብስ አለ፤ እርሱም አየር ነው። ከበላያችን ያለው አየር ክብደቱን በሰውነታችን ላይ ያሳርፋል፤ ይህም የአየር ግፊት ይባላል። ከፍ ወዳለ ስፍራ በወጣን መጠን ግፊቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውም ስለዚህ ነው። በ12,000 ሜትር ከፍታ ላይ ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ይሆናል። ወደ 19,000 ሜትር ሲደረስ ደግሞ ውሃ በሰው ሰውነት ሙቀት ይፈላል። ከዚያም በላይ በባዶ ኅዋ ውስጥ ያለ መከላከያ የተገኘ ሰው በ15 ሰከንድ ገደማ ራሱን ይስታል።

ስለዚህ ወደዚያ የሚወጣ ሰው የምድርን አየርና ግፊቱን ከእርሱ ጋራ ይዞ መሄድ ግድ ይሆንበታል። ለዚህ ሥራ የሚበቃ ልብስ አሠርቶ፣ እርሱንም ለብሶ በአይሮፕላን በመብረር መንገዱን ካሳዩት ሰዎች ዋናው ዋይሊ ፖስት ነው። ታሪኩን ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን፤ ዘመኖቹም ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ዋይሊ ፖስት ኖቬምበር 22 ቀን 1898 ዓ.ም. በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ቤተ ሰቡ ወደ ኦክላሆማ ሄዶ በዚያ ሰፈረ። ዋይሊ ትምህርት ቤት አልሆነለትም፤ ቶሎም ተወው። ነገር ግን የተበላሸ መኪና ባየ ጊዜ ፈትቶ ሳያስተካክል ዕረፍት አያገኝም ነበር። በ1913 ዓ.ም. በሎውተን ከተማ በተደረገ ትርኢት ላይ አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ልቡ ከምድር ተነሣ።

ይሁን እንጂ መንገዱ ቀና አልነበረም። በነዳጅ ዘይት ጕድጓድ ቈፋሪዎች ዘንድ ተቀጥሮ ሲሠራ ቈይቶ፣ ሥራ ባጣ ጊዜ በ1921 ዓ.ም. በዝርፊያ ተከሶ ተፈረደበትና ከአንድ ዓመት በላይ ታሰረ። ይህን የምንጽፈው ስሙን ለማጕደፍ አይደለም፤ የወደቀ ሰው ለመነሣት ከፈቀደ መነሣት እንደሚቻለው ለማሳየት ነው። ከእስራቱ ከወጣ በኋላ በ1924 ዓ.ም. ከበራሪዎች ማኅበር ገብቶ በጃንጥላ እየዘለለ ሕዝብ የሚያስደንቅ ሆነ።

አይሮፕላን ለመግዛት ግን ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ወደ ዘይት ጕድጓዱ ሥራ ተመለሰ። ኦክቶበር 1 ቀን 1926 ዓ.ም. በሥራ ላይ ሳለ የብረት ስንጣሪ ተፈናጥሮ የግራ ዐይኑን መታው፤ ዐይኑም ጠፋ። በአንድ ዐይን የሚያይ ሰው ርቀትን ለመገመት ይቸገራል፤ ርቀትን ያልገመተ ደግሞ አይሮፕላን ሊያሳርፍ አይችልም። ፖስት ግን ተስፋ አልቈረጠም። ከሕመሙ ሲያገግም አንድ ዛፍ ወይም ጕብታ ይመለከትና ስንት ርምጃ እንደሚርቅ በልቡ ይገምታል፤ ቀጥሎም በእግሩ ሄዶ ይቈጥረዋል። እንዲህ እያደረገ ያንዲቱን ዐይኑን ሁለት ዐይን የሚሠራውን ሥራ አስተማራት። ስለ ጕዳቱ በተከፈለው ካሳም አሮጌ አይሮፕላን ገዛ።

ከዚያ በኋላ ሆል ለተባለ የዘይት ነጋዴ አይሮፕላን ነጂ ሆነ። ነጋዴው በሴት ልጁ ስም ዊኒ ሜይ ብሎ የሰየማትን አይሮፕላን ፖስት ዓለም እንዲያውቃት አደረገ። በ1931 ዓ.ም. ሃሮልድ ጋቲ ከሚባል መንገድ መሪ ጋራ ምድርን በ8 ቀን ከ15 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ዞረ። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ብቻውን ሆኖ በ7 ቀን ከ18 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ዞረ። ብቻውን በአይሮፕላን ምድርን የዞረ ሰው ከእርሱ በፊት አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ዐሳቡ ወደ ላይ ሆነ። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ አይሮፕላን በፍጥነት ይሄዳል ብሎ አሰበ። ነገር ግን የዊኒ ሜይ አካል ከእንጨት የተሠራ ስለ ነበረ አየር በውስጡ ታምቆ ሊቈይ አይችልም። ችግር ብልሃትን ይወልዳል እንደሚባለው፣ አይሮፕላኑን ማሸግ ካልተቻለ ሰውየውን እናሽገው አለ። በ1934 ዓ.ም. ጉድሪች ወደሚባለው የጎማ ፋብሪካ ሄደ። የመጀመሪያው ልብስ አየር አፈሰሰ። ሁለተኛው ጠብቦ አላወልቅ ስላለው በላዩ ላይ ተቀዶ ወጣ። ሦስተኛው ግን ረስል ኮሊ በሚባል መሐንዲስ ብልሃት ተሳካ።

ይህም ልብስ ከውስጥ አየር የሚይዝ ጎማ ነበረው፤ ከውጭ ደግሞ ጎማው እንደ ፊኛ እንዳይነፋ የሚያስር ጠንካራ የጥጥ ጨርቅ ተደረበበት። በተቀመጠ ሰው ቅርጽ የተሰፋ በመሆኑ ነጂው እጁንና እግሩን ለሥራ ማዘዝ ይችላል። የራስ ቍሩ ከአሉሚኒየም የተሠራ ሆኖ ክብ መስኮት ነበረው፤ ኦክሲጂኑም በመስኮቱ አጠገብ ይገባ ስለ ነበር እስትንፋስ ከመስጠቱ ሌላ መስተዋቱን ጭጋግ እንዳይሸፍነው ይከላከል ነበር። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1934 ዓ.ም. ፖስት ይህን ለብሶ በቺካጎ ሰማይ ላይ እስከ 12,000 ሜትር ገደማ ወጣ።

በ1935 ዓ.ም. አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በከፍታ ለማቋረጥ አራት ጊዜ ሞከረ፤ አራቱንም ጊዜ አልደረሰም። በመጀመሪያው ሙከራ ሞተሩ ተበላሽቶበት በካሊፎርኒያ በረሓ ወረደ። የራስ ቍሩን ብቻውን ማውለቅ ስላልቻለ ርዳታ ፍለጋ ወደ አንድ ሰው ቢቀርብ፣ ሰውየው ያን ፍጥረት አይቶ በድንጋጤ ሊወድቅ ደረሰ። በማርች ወር ግን 3,275 ኪሎ ሜትር በ7 ሰዓት ከ19 ደቂቃ በርሮ ክሊቭላንድ ደረሰ። በሰዓት 290 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሮጥ አይሮፕላን 450 ኪሎ ሜትር ያህል መሮጧ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ኀይለኛ ነፋስ ስለ ገፋት ነው። ዛሬ ትልልቆቹ አይሮፕላኖች በዚሁ ነፋስ ይጠቀማሉ።

ኦገስት 15 ቀን 1935 ዓ.ም. ከታወቀው የቀልድ ዐዋቂ ከዊል ሮጀርስ ጋራ በአላስካ ሲበር ሞተሩ ጠፍቶ አይሮፕላኑ ወደቀ፤ ሁለቱም ሞቱ። ፖስት ገና የ36 ዓመት ሰው ነበረ።

ሥራው ግን አብሮት አልተቀበረም። ኮሊ ጥረቱን ቀጥሎ፣ በቲማቲም ተክል ላይ የሚኖር ትል ሰውነቱ ሳያብጥ እንዴት እንደሚተጣጠፍ አስተውሎ የልብስ መገጣጠሚያ አወጣ። በ1961 ዓ.ም. አለን ሼፐርድ ወደ ኅዋ ሲወጣ የለበሰውም ከዚያው ፋብሪካ የወጣ ልብስ ነበር። ያ ልብስ መንኰራኵሩ አየሩን ቢያጣ ወዲያው ተነፍቶ ሰውየውን እንዲያድን የተዘጋጀ ነበር። ግፊቱ ግን የምድርን ያህል አይደረግም፤ ቢደረግ ልብሱ እንደ ተነፋ ኳስ ደርቆ እጅ አያሳጥፍም። ንጹሕ ኦክሲጂን ከሆነ የምድር ግፊት ሩብ ያህል ለሰው ይበቃዋል፤ ወደ ጨረቃ የሄዱትም ሰዎች ልብስ በዚህ መጠን የሚሠራ ነበር።

የዚህ ልብስ ዋጋ በ1971 ዓ.ም. በመራራ ትምህርት ታወቀ። ሶዩዝ 11 የተባለው የሶቪየት መንኰራኵር ወደ ምድር ሲመለስ አንድ የአየር መክፈቻ ያለ ጊዜው ተከፍቶ አየሩ አለቀ። ዶብሮቮልስኪ፣ ቮልኮቭና ፓትሳዬቭ የተባሉት ሦስቱ ተጓዦች ቦታው ስለ ጠበበ ልብሱን አልለበሱም ነበርና ሞቱ። ከዚያ ወዲህ በሶዩዝ የሚሄዱ ሰዎች ሲነሡና ሲመለሱ ሶኮል የሚባለውን የግፊት ልብስ ይለብሳሉ።

እንግዲህ እኛ ከትምህርት ቤታችን ልንሰናበት የተዘጋጀን ተማሪዎች ከዚህ ሰው ታሪክ ምን እንማራለን? ፖስት የተማረ አልነበረም፤ ነገር ግን የማያውቀውን ከሚያውቁት ጋራ ሠርቶ ተማረ። አንድ ዐይኑን አጣ፤ የቀረችውን አሠለጠነ። ሁለት ልብስ ተበላሸበት፤ ሦስተኛውን አሠራ። አራት ጊዜ ተነሥቶ ካሰበበት ባይደርስም፣ እርሱ ያልደረሰበትን ስፍራ ሌሎች አልፈውት ጨረቃን እንዲረግጡ መንገድ ከፈተ። የጀመርነውን እኛ ባንፈጽመው እንኳ ከኋላችን የሚመጡት እንዲፈጽሙት አድርገን መጀመር ይገባናል።