ኤድዊን ቶማስ ስሚዝ፦ የጠመቃ ሀብትና የአዴሌድ ከተማ ግንባታ

ኤድዊን ቶማስ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1830 በእንግሊዝ አገር በዎልሶል ተወልደው በ1853 ወደ ደቡብ አውስትራሊያ ቅኝ ግዛት ተሻገሩ። በአዴሌድ አጠገብ በምትገኘው ኬንት ታውን በቢራ ጠመቃ በለጸጉ፤ በ1876ም አዲስ የጠመቃ ፋብሪካ አሠሩ። የንግዱ ስኬት ወደ አደባባይ ሕይወት አሸጋገራቸው፤ በ1871 የቅኝ ግዛቱ ምክር ቤት አባል፣ በ1879 ደግሞ የአዴሌድ ከንቲባ ሆኑ።

በከንቲባነት ዘመናቸው ከተከናወኑት ሥራዎች ዋነኛው የቶረንስ ወንዝ መገደብ ነው። በበጋ ውኃው ይጎድል የነበረው ወንዝ በ1881 ተገድቦ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሆነ። በ1888 የሰርነት ማዕረግ ያገኙት ስሚዝ በ1894 የንግሥት ቪክቶሪያን የነሐስ ሐውልት፣ በንግሥቲቱ ስም ለተሰየመው የከተማዪቱ አደባባይ አበረከቱ።

ይሁን እንጂ ወንዙም ሆነ አደባባዩ ያሉበት ምድር፣ እንግሊዞች በ1836 ቅኝ ግዛቱን ከመመሥረታቸው አስቀድሞ የካውርና ሕዝብ ርስት ነበር። ስሚዝ በ1919 ዐረፉ። ሐውልቱ ዛሬም በቦታው ቆሟል፤ አደባባዩ ግን በካውርና ቋንቋ ታርንዳንያንጋ ተብሎም ይጠራል። የባለጸጋው ስጦታ ታሪክ ስጦታው ከቆመበት መሬት ታሪክ ተነጥሎ ሊጻፍ እንደማይችል ይህ ጥንድ ስም ያስረዳል።