ላልተሠራ መኪና ትእዛዝ የጻፈችው ኤዳ ሎቭሌስ

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለመማር ከተነሣን ወዲህ በመካከላችን የማይጠፋ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሒሳብ የሚያደናግረው ሰው ከዚህ ሙያ ምን ይገባል የሚለው ነው። ስለዚህ የኤዳ ሎቭሌስን ታሪክ ማንሣት ወደድን።

ኤዳ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1815 በሎንዶን ተወለደች። አባቷ ባለቅኔው ሎርድ ባይረን፣ እርሷ ገና ጨቅላ ሳለች ከእናቷ ተለይቶ አገሩን ለቆ ሄደ። እናቷም የአባቷ ጠባይ እንዳይጋባባት ፈርታ ከልጅነቷ ሒሳብ አስጠናቻት። (መድኃኒቱ በሙሉ ሠርቷል ለማለት ያስቸግራል፤ በኋላ በፈረስ ውርርድ ዕዳ ገብታለችና።)

በ1833 ከሊቁ ቻርልስ ባቤጅ ጋር ተዋወቀች። በ1835 አገባች፤ ሦስት ልጆችም ወለደች። ከፍተኛውን ሒሳብ በደንብ የያዘችው ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1840 ከዲ ሞርጋን ጋር በደብዳቤ መማር ስትጀምር ነው። በነዚያ ደብዳቤዎች የምናገኛት ሴት የአልጀብራ ፊደሎች መልካቸውን ሲለዋውጡባት ግራ የምትጋባ፣ ያልገባትንም ሳታፍር ደጋግማ የምትጠይቅ ጀማሪ ናት። መምህሯ ችሎታዋን ቢያደንቅም፣ ብርቱ ጥናት የሴትን አካል ይጎዳል ብሎ ይሰጋ ነበር። በዚህስ ሊቁም እንደ መሃይም አስቧል።

በ1843 ስለ ባቤጅ አዲስ የሒሳብ መኪና በፈረንሳይኛ የተጻፈ ጽሑፍ ተርጉማ፣ የጽሑፉን ሦስት እጥፍ ያህል ማስታወሻ ጨመረችበት። መኪናው እንደ ሸማ መሥሪያ በተበሱ ካርዶች እንዲታዘዝ የታሰበ ነው፤ ነገር ግን ከቶ ተሠርቶ አላለቀም። ኤዳ የበርኑሊን ቁጥሮች እንዲያወጣ 25 እርምጃ ያለው ሠንጠረዥ አዘጋጀች፤ የትኛው ቁጥር ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ በሐሳቧ ብቻ እየተከተለች ማለት ነው። ከሥራው የባቤጅ ድርሻ ስንት እንደሆነ ሊቃውንት ይከራከራሉ። በአራተኛው እርምጃ አካፋዩና ተካፋዩ ቦታ ተለዋውጠው ታትመዋል፤ እኛ ስንሳሳት ኮምፒውተሩ ወዲያው ይነግረናል፣ ለእርሷ ግን የሚነግር አልነበረም።

መኪናው ዜማ እንኳ ሊያቀናብር እንደሚችል አይታ፣ ከራሱ አንዳች አያመነጭም፣ ማዘዝ የምናውቀውን ብቻ ይፈጽማል አለች። አለን ቱሪንግ በ1950 ይህን ነጥብ አንሥቶ፣ መኪና ራሱ ቢማርስ ሲል ተከራከረ። ዛሬ ፕሮግራምን በምሳሌ የምናስተምር ሁሉ በዚሁ ክርክር መካከል ነን፤ ቱሪንግ በልጦ ቢታየንም ኤዳን ጨርሶ የረታት አይመስለንም።

ኤዳ በ1852 በ36 ዓመቷ በነቀርሳ ሞተች። በራሷም ፈቃድ፣ እንደ እርሷ በ36 ዓመቱ ከሞተው፣ መልኩን ከማታስታውሰው አባቷ አጠገብ በሃክናል ተቀበረች።