ከአዳል ተሰማ እስከ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት

እኛ እጩ መምህራን የምንማርባት ደብረ ማርቆስ ዱሮ መንቆረር ትባል ነበር። ስሟን የለወጡት ንጉሥ የራሳቸውም ስም የተለወጠ ነው። የደጃዝማች ተሰማ ጎሹ ልጅ፣ ራስ አዳል ተብለው ጎጃምን ሲገዙ ቆዩ። በጥር 1873 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ 4ኛ ሲያነግሷቸው ግን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። ከተማይቱም በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ተጠራች። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ በምኒልክ ጦር ተሸንፈው ተማረኩ፤ በ1888 ዓ.ም. ከዚያው ከምኒልክ ጋር ዓድዋ ዘመቱ። በጥር 1893 ዓ.ም. አረፉ።

ንጉሡ አዲሱን ስም ከዘውድ ጋር አገኙት። ከመካከላችን ግን መዝገብ ላይ በስሕተት ስሙ ተለውጦበት እስከ ዛሬ ያላስመለሰ አለ። እንግዲህ ነገ ክፍል ገብተን ስም ስንመዘግብ፣ ልጁን ማን ትባላለህ ብለን እንጠይቅ፤ እንደነገረንም እንጻፍ።