ራስ ጉግሣ ወሌና ወደ አንቺም የዘመተው የበጌምድር እግረኛ

የደብረ ታቦር ታሪክ ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ የምንጠራው ዐፄ ቴዎድሮስን፣ ጋፋትንና ሴባስቶፖልን ነው። ይገባልም። ነገር ግን ከዚህችው ከተማ በ1922 ዓ.ም. ተነሥቶ ስለ ሄደው ጦርና ስለ አዝማቹ ስለ ራስ ጉግሣ ወሌ ስንጠየቅ ብዙዎቻችን አፋችን ይያዛል። ነገ አስተማሪ ሆነን ልጆች ቢጠይቁን ምን ልንል ነው?

አስቀድመን አንድ የምናምታታውን ነገር እናርም። ደብረ ታቦርን የቆረቆሩት ራስ ጉግሣ ሌላ ናቸው፤ እሳቸው የየጁው ራስ ጉግሣ መርሶ ሲሆኑ ያረፉት በ1817 ዓ.ም. ነው። እኛ የምንተርክላቸው ጉግሣ የመጡት ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ሁለቱም የየጁ ሰዎች፣ ሁለቱም የበጌምድር ገዥ፣ ሁለቱም ራስ ጉግሣ! ተማሪ ቢደናገር አይፈረድበትም።

ራስ ጉግሣ የራስ ወሌ ብጡል ልጅ፣ የእቴጌ ጣይቱ ደግሞ የወንድም ልጅ ናቸው። የተወለዱት በ1860ዎቹ መጨረሻ ገደማ የጁ ውስጥ ነው። መጽሐፍ ወዳድ፣ ግጥም አዋቂ፣ በሃይማኖታቸው የጸኑ ሰው ነበሩ ይባልላቸዋል። በ1892 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱን አገቡ። በጋብቻው ውስጥ የእቴጌ ጣይቱ እጅ እንደነበረበት ለማንም ግልጽ ነው። ታዲያ እቴጌይቱ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲገለሉ የወገኖቻቸውም ነገር አብሮ ወደቀ፤ ጉግሣም በእነዚያ ዓመታት እስራትን ቀምሰዋል።

በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተሽረው ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽ ተባሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ሚስቱ ስትነግሥ ደስታው ወሰን አይኖረውም ነበር። ለራስ ጉግሣ ግን የሚስታቸው ዘውድ የመለያያቸው ቀን ሆነ። መኳንንቱ የጣይቱ ዘመድ ከዙፋኑ አጠገብ እንዲቀመጥ አልፈለጉምና ባልና ሚስቱ ተለያዩ፤ ጉግሣም የበጌምድር ገዥ ሆነው መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር አደረጉ። እዚህ በፍርዳቸው የተመሰገኑ ገዥ ነበሩ። ቢሆንም ቂሙ ከልባቸው አልወጣም ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ። አዲስ አበባ ላይ ሥልጣኑ ሁሉ ወደ እሳቸው ሲጠቃለል የጠቅላይ ግዛት መሳፍንት የሥጋት ዓይናቸውን ከፈቱ። በዚያው ሰሞን ራያና አዘቦ አመፀ። ራስ ጉግሣ አመፁን እንዲያበርዱ ቢታዘዙም ከአመፀኞቹ ጋር ሳይላላኩ አልቀሩም ተብለው ተጠረጠሩ። በመጨረሻም ሸፈቱ ተብሎ ታወጀባቸውና ጦር ሰበሰቡ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያ ጦር ማን ነበር? ደመወዝ የሚቆረጥለት፣ ሰፈር የተሠራለት ሠራዊት አልነበረም። ከፊሉ የራስ ጉግሣ የቤታቸው አሽከር ነው። ከፊሉ በመሬቱ ግዴታ ነጋሪት ሲጎሰም የሚወጣ ገበሬ ነው። ከፊሉ ደግሞ ማንም ሳያስገድደው፣ ጌታዬ ንግሥቲቱን ከተፈሪ እጅ ሊያወጣ ነው ብሎ በፈቃዱ የተከተለ ነው። በሶውንና ቆሎውን ይዞ፣ ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን፣ የሌለው ጦርና ጋሻውን አንግቦ በእግሩ ወጣ። ቁጥሩን እስከ 35 ሺህ የሚያደርሱት አሉ። የራሱን ስም ታሪክ ጽፈውታል፤ የዚህን እግረኛ ስም ግን ማንም አልመዘገበውም። ከመካከላችን የጋይንትና የእስቴ ልጆች አለን፤ የማን ቅድመ አያት እዚያ እንደነበረ ማን ያውቃል?

የመሐል ሰፋሪን ጦር ይዘው የመጡት የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ናቸው። መትረየስና መድፍ ነበራቸው። ከሁሉ የባሰው ግን ከላይ የመጣው ነው። አውሮፕላን ወደ አገራችን የገባው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነበር፤ ከአንቺም ውጊያ በፊት ስምንት ወር እንኳ አልሞላም። የበጌምድር ገበሬ ይህን ነገር በስሙም አያውቀውም።

አውሮፕላኑ መጀመሪያ የጣለው ደግሞ ወረቀት ነበር። ጉግሣን የሚከተል የተወገዘ ነው የሚል፣ በቤተ ክህነት አባቶች ስም የወጣ ቃል ነው። እስቲ እናስበው። አብዛኛው ወታደር ፊደል አልቆጠረም። ወረቀቱን አንሥቶ ማንበብ ለሚችል ሰው ማሳየት ነበረበት፤ ያም ሰው ያነበበለትን ከማመን በቀር ምርጫ የለውም። ለንግሥቲቱና ለሃይማኖቴ ዘመትሁ ያለ ሰው፣ ንግሥቲቱም ቤተ ክርስቲያንም ካንተ ጋር አይደሉም ሲባል ጉልበቱ ምን ይሆናል? መጽሐፍ ወዳዱን ራስ ገና ጥይት ሳይተኮስ ወረቀት ጎዳቸው። እኛ ፊደል ልናስተምር የተዘጋጀን ሰዎች ይህን ቶሎ አንረሳውም።

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በበጌምድርና በወሎ አዋሳኝ፣ በደብረ ዘቢጥ አካባቢ ባለው አንቺም ሜዳ ሁለቱ ጦር ተገናኙ። አሁን ደግሞ አውሮፕላኖቹ ቦምብ ጣሉ። ጦሩ ተደናገጠ፣ ተበተነ። ጋሻ ፊት ለፊት የሚመጣን ጦር ይመክታል እንጂ ከሰማይ ለሚወርድ ምን ያደርጋል! ራስ ጉግሣ ግን ከሜዳው አልወጡም፤ ተከበው በጥይት ተመትተው እዚያው ወደቁ። ወደ 54 ዓመት ዕድሜ ነበራቸው።

በ2ኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ንግሥት ዘውዲቱ አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ። ታመው ነበር። የባላቸው ሞት ነው የገደላቸው የሚል ወሬ ወዲያው ተነዛ፤ እኛ በዚህ አንፈርድም። ተፈሪም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። በጌምድር ለራስ ካሣ ተሰጠ።

ድል አድራጊው ሙሉጌታም ራስ ተባሉ። በየካቲት 1928 ዓ.ም. አምባ አራዶም ላይ በተራቸው ከሰማይ የመጣባቸው የኢጣልያ አውሮፕላን ነበር። ጦራቸው ተፈታ፤ እሳቸውም በማፈግፈግ ላይ እንዳሉ ሞቱ። በዚያው ሰሞን ራስ ካሣን ተከትሎ ተምቤን የዘመተ የበጌምድር እግረኛም ነበር። ከአንቺም የተረፈ ሰው በመካከሉ ከነበረ፣ ያንን የሰማይ ድምፅ የሰማው ለሁለተኛ ጊዜ ነው።