ቅዱስ ኤፍሬም፥ የእመቤታችን ማኅሌታይ

ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ፥ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር፥ በ306 ዓመተ ምሕረት ገደማ በንጽቢን ተወለደ፤ ማዕርጉም ዲቁና ነበረ። በ363 ንጽቢን ለፋርስ ንጉሥ ተላልፋ በተሰጠች ጊዜ ከተሰደዱት ክርስቲያን ጋራ ወጥቶ ወደ ሮሐ መጣ።

በሮሐ ግን ከእርሱ አስቀድሞ የነበረው በርዴሳን፥ ትንሣኤ ሥጋን የካደ ሊቅ፥ ኑፋቄውን በጣፈጠ ዜማ አልብሶ ስለ ሕይወት አባትና ስለ ሕይወት እናት እየዘመረ የጐልማሶችን ልብ ማርኮ ነበር። ሰውዬው ከሞተ መቶ ዓመት ቢያልፈውም መዝሙሩ አልሞተም። ኤፍሬምም እንደሚተረከው ዜማውን አልነቀፈም (ዜማስ ምን በደለ?)፤ ሕዝቡ በለመደው ዜማ የቀናውን ሃይማኖት ደረሰበት እንጂ። በዚያች በልብ ወለድ እናት ፈንታም አምላክን በሥጋ የወለደችውን ድንግል አመሰገነ።

ይልቁንም የሚያስደንቀው፥ ድርሰቱን በቤተ ክርስቲያን እንዲያዜሙ የቃል ኪዳን ልጆች የተባሉትን ደናግል አስተምሮ ማሰለፉ ነው። ያዕቆብ ዘሥሩግ ስለዚህ ሥራው በሙሴ መስሎ አመስግኖታል።

ረኃብ በሮሐ በገባ ጊዜም ከባለጠጎች ገንዘብ ተቀብሎ ለድኆች አልጋ አዘጋጅቶ አስታመመ፤ በ373 በሰኔ ወር ዐረፈ። በሀገራችን ውዳሴ ማርያም የእርሱ ድርሰት ተብሎ ከሰኞ እስከ እሑድ በየዕለቱ ይደገማል፤ በዓሉም ሐምሌ 15 ቀን ይከበራል።