በመፍቻ የሚሠራው ሐኪም፦ እግሮችን ከመቆረጥ ያዳነው ኢሊዛሮቭ

እግሩ ላይ ክብ ክብ ብረት ተገጥሞለት፣ ከብረቱ የተነሱ ቀጫጭን ሽቦዎች ሥጋውን በስተው በሌላ በኩል ወጥተው፣ በክራንች ቀስ እያለ የሚራመድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችን ስናይ ፊታችንን እናዞራለን። ያስፈራላ! ግን ያ አስፈሪ ብረት በዓለም ላይ ስንትና ስንት እግር ከመቆረጥ አድኗል። ሐኪሞች ኢሊዛሮቭ ይሉታል። ኢሊዛሮቭ ግን መጀመሪያ የዕቃ ስም አልነበረም፤ የሰው ስም ነው። የዛሬው ታሪካችን ስለዚህ ሰው ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ የተወለደው በጁን 1921 ፖላንድ ውስጥ ነው። ብዙም ሳይቆይ ቤተሰቡ ወደ አባቱ አገር፣ በአዘርባጃን ተራሮች ስር ወዳለችው ቁሳር ተመለሰ። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ነው፤ ድሃም ነው። እሱ ከስድስት ልጆች የመጀመሪያው ነበር። ትምህርት ቤት የገባው ከእኩዮቹ ዘግይቶ ቢሆንም ቶሎ ደረሰባቸው። በ1939 ክራይሚያ ውስጥ ሲምፈሮፖል ከተማ ሕክምና መማር ጀመረ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሶቪየት ኅብረትን ሲያዳርስ ትምህርት ቤቱ ወደ ካዛክስታን ተሰደደ፤ እሱም አብሮ ሄደ። በ1944 ተመረቀ።

ከዚያ መንግሥት የመደበው የት መሰላችሁ? ከሞስኮ ወደ 2000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በሳይቤሪያ ጫፍ ባለው የኩርጋን ግዛት፣ ዶልጎቭካ የምትባል የገጠር መንደር። ዕድሜው 23 ነው። ምጥ የያዛት ሴት፣ ትኩሳት ያለበት ልጅ፣ ጥርሱን ያመመው ሽማግሌ፣ ሁሉም ወደ እሱ ነው የሚመጣው። አጥንት ላይ ልዩ ሥልጠና አልነበረውም። አማካሪ ፕሮፌሰርም አጠገቡ የለም።

ጦርነቱ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። ከግንባር የተመለሱት ወታደሮች እግርና እጃቸው በጥይትና በፍንዳታ ደቋል። አንዳንዱ ስብራት ለወራት፣ ለዓመታት አልገጥም ብሏል። አንዳንዱ አጥንት መግል ቋጥሮ ይመረቅዛል። የዚያን ጊዜ ሕክምና በአብዛኛው ጄሶ ማሰር ወይም ክብደት አንጠልጥሎ መጎተት ነበር። ሰው ለወራት አልጋ ላይ ይተኛል። ሲነሳ ጡንቻው መንምኗል፣ መገጣጠሚያው ደርቋል፣ አጥንቱ ግን አሁንም አልገጠመም። የመጨረሻው መፍትሔ ብዙ ጊዜ መቁረጥ ነው። ወጣቱ ሐኪም ይሄን ነገር እያየ ዝም ማለት አልቻለም።

አጥንት የማይገጥመው ለምንድን ነው? ኢሊዛሮቭ ሲያስበው የተሰበሩት ጫፎች እየተንቀሳቀሱ ስለሚፋቁ ነው ብሎ ደመደመ። እንግዲያው ጫፎቹን ከውጭ ሆኖ አጥብቆ የሚይዝ፣ ግን ሥጋውን ብዙ የማይከፍት፣ በሽተኛውንም አልጋ ላይ የማያስር ነገር ያስፈልጋል። ሀሳቡ የመጣለት የፈረስ ጋሪ ላይ ሆኖ፣ ፈረሱን ከጋሪው ጋር አጥብቆ የሚይዘውን ማሰሪያ እያየ ነው ይባላል። የመጀመሪያ ሙከራውን በተሰበረ የእንጨት እጀታ ላይ እንዳደረገም ይተረካል።

የመጣው መሣሪያ ቀላል ነው። የብስክሌት ቸርኬን አስቡ። ክብ ብረት አለ፣ መሃሉን የተወጠሩ ቀጫጭን ሽቦዎች ይይዙታል። እያንዳንዱ ሽቦ ለብቻው ሲታይ ቀጭን ነው፤ ሲወጠሩና ሲተባበሩ ግን የአንድ ትልቅ ሰው ክብደት ይሸከማሉ። ኢሊዛሮቭ ሽቦዎቹን ከስብራቱ በላይና በታች አጥንቱ ውስጥ አሳለፈ፣ ወጥሮ ከክብ ብረቶች ጋር አሰረ፣ ክብ ብረቶቹን ደግሞ ጥርስ ባላቸው ረጃጅም ብሎኖች አያያዘ። ዳዶውን ስታጠብቀው አጥንቶቹ ይጠጋጋሉ። ስታላላው ይራራቃሉ። በቃ። በሽተኛው ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ተነስቶ እግሩን መርገጥ ይችላል።

በ1950 ወደ ኩርጋን ከተማ ሆስፒታል ተዛወረ። በ1952 ለፈጠራው የባለቤትነት ማረጋገጫ ጠየቀ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ተሰጠው። በ1955 የጦር ጉዳተኞች የሚታከሙበት ሆስፒታል የአጥንት ክፍል ኃላፊ ሆነ።

ትልቁ ግኝት ግን ገና ነው። እንደሚተረከው፣ አንድ በሽተኛ አጥንቶቹን ለማጠጋጋት ዳዶውን ማጥበቅ ሲገባው ተሳስቶ በተቃራኒው አዞረው። አጥንቶቹ ተራራቁ። ኢሊዛሮቭ በራጅ ሲያየው መሃል ባለው ክፍተት ባዶ ቦታ ሳይሆን አዲስ አጥንት እየበቀለ ነው! ሌላ ሰው ቢሆን ስህተቱን አርሞ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ነገሩን ያዘው። ለዓመታት በውሾች ላይ ሙከራ እያደረገ ሕጉን ፈለገ፣ አገኘውም፦ አጥንት ቀስ ተብሎ፣ ሳይቋረጥ ሲለጠጥ ያድጋል። ፍጥነቱ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ነው፣ እሱም በአራት ተከፍሎ፣ በየጊዜው ሩብ ሚሊ ሜትር። ከዚህ ከፈጠነ አዲሱ አጥንት አይበቅልም፣ ነርቭና ደም ሥርም ይጎዳል። ከዘገየ ደግሞ ቀድሞ ይደድራል፣ አይለጠጥም። አጥንት ብቻም አይደለም፤ ጡንቻው፣ ነርቩ፣ ደም ሥሩ፣ ቆዳው አብሮ ያድጋል።

እስቲ አስቡት። ከሌላ ሰው ሳይወሰድ፣ ከራስ አካል ላይም ሳይቆረጥ፣ የጎደለው አጥንት በራሱ ይሞላል ማለት ነው።

ታዲያ ሞስኮ ምን አለች? አላመነችም። ትልልቆቹ ፕሮፌሰሮች ይሄ የገጠር ሐኪም በመፍቻና በዳዶ የሚሠራ ጋራዥ ያለ መካኒክ ነው ብለው ተሳለቁበት። ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሥራው ከኩርጋን ብዙም አልወጣም። ይሄ ቀልድ አይደለም። በእነዚያ ዓመታት ሌላ ቦታ እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች ነበሩ፤ ኩርጋን ቢደርሱ ይድኑ የነበሩ። ኢሊዛሮቭ ግን ከመጨቃጨቅ ይልቅ በሽተኛ ማከሙን፣ መመዝገቡን፣ ፎቶና ራጅ ማስቀመጡን ቀጠለ።

ነገሩን የገለበጠው አንድ ስፖርተኛ ነው። ቫሌሪ ብሩሜል በ1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክ በከፍታ ዝላይ ወርቅ ያገኘ፣ 2 ሜትር ከ28 የዘለለ የዓለም ሪከርድ ባለቤት ነበር። በ1965 የሞተር ሳይክል አደጋ ደረሰበትና እግሩ ደቀቀ። ሞስኮ ላይ ቀዶ ጥገና በቀዶ ጥገና ላይ ተደራረበ፣ አጥንቱ ግን አልገጥም አለ፣ እግሩም አጠረ። በ1968 ኩርጋን ሄደ። ኢሊዛሮቭ አጥንቱን አገጠመው፣ አስረዘመውም። ብሩሜል መራመድ ብቻ አይደለም፤ ተመልሶ ከ2 ሜትር በላይ ዘለለ! ከዚህ በኋላ ኢሊዛሮቭን የማያውቅ የሶቪየት ሰው አልተገኘም።

በዚያው በ1968 የምርምር ጽሑፉን ፐርም ከተማ ላይ አቀረበ። ያመለከተው ለመጀመሪያው የምርምር ዲግሪ ነበር። ፈታኞቹ ግን ሥራውን አይተው አንድ ደረጃ አዘልለው የዶክትሬት ማዕረግ ሰጡት። በ1971 ኩርጋን ላይ በእሱ የሚመራ ራሱን የቻለ የምርምር ተቋም ተከፈተ። ታዋቂው የሙዚቃ ደራሲ ሾስታኮቪች ሳይቀር በ1970 የደከመ እጁን ሊታከም ኩርጋን ድረስ ሄዷል።

ምዕራባውያን የሰሙት ግን በጣም ዘግይተው ነው። ጣሊያናዊው ተራራ ወጪ ካርሎ ማውሪ በበረዶ ሸርተቴ ላይ የተሰበረ እግሩ ለዓመታት አልድን ብሎት ይሰቃይ ነበር። የውቅያኖስ ጉዞ ላይ አብሮት የነበረ የሶቪየት ሐኪም ስለ ኩርጋን ነገረው። በ1980 ሄደ። ሲመለስ እግሩ ቀንቷል፣ ርዝመቱም ተስተካክሏል። የጣሊያን ሐኪሞች ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። በ1981 ኢሊዛሮቭን ቤላጂዮ በተካሄደ ጉባኤያቸው ላይ ጋበዙት። ምስሎቹን አሳይቶ ሲጨርስ አዳራሹ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበለት። ያኔ ዕድሜው 60 ነበር። ቀስ በቀስ የአሜሪካና የካናዳ ሐኪሞችም ሊማሩ መጡ።

እውነቱን ለመናገር ሕክምናው ቀላል አይደለም። 5 ሳንቲ ሜትር ለማስረዘም መለጠጡ ብቻ 50 ቀን ይፈጃል፣ አዲሱ አጥንት እስኪደድር ደግሞ ተጨማሪ ወራት ያስፈልጋል። ያማል፣ ሽቦው የገባበት ቦታ ያመረቅዛል፣ መገጣጠሚያ ይተሳሰራል። በየቀኑ ማጽዳትና ማንቀሳቀስ የግድ ነው። ዛሬ ቁመት ለመጨመር ብቻ ብለው እግራቸውን የሚያስረዝሙ ሰዎች በሶሻል ሚዲያ ስታዩ ይሄን አትርሱ። ሰውየው መሣሪያውን የሠራው እግራቸውን ሊያጡ ለነበሩ ሰዎች ነው።

ኢሊዛሮቭ ከሥራው ውጭ የሚወደው ነገር ነበረው፤ የእጅ ምትሃት። ሰው ፊት ዕቃ ይሰውራል፣ መልሶ ያወጣል። በጁላይ 1992፣ በ71 ዓመቱ፣ እዚያው ኩርጋን አረፈ፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። ሞስኮ ገብቶ መኖር ይችል ነበር፣ ግን ሳይቤሪያን አልተወም። ዛሬ ተቋሙ በስሙ ይጠራል፣ ዘዴውም በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል።

እና በሚቀጥለው መንገድ ላይ ክብ ብረት እግሩ ላይ ያሰረ ሰው ስታዩ ፊታችሁን አታዙሩ። ያ ሰው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር እየዳነ ነው። መንገድ ልቀቁለት፣ ታክሲ ውስጥም ቦታ ስጡት።